ያውቁ ኖሯል? ድንክዬዎቹ በየአገሩ

ውቅያኖስ የለያያቸው ሕዝቦች ስለ ድንክዬ ፍጡራን የሚተርኩት በእጅጉ ይመሳሰላል፤ ድንክዬዎቹ ከሰው ዓይን ይሰወራሉ፣ ምስጢርም ይጠብቃሉ።

• ሃዋይ፦ ሜነሁኔ የሚባሉት ድንክዬዎች ግንባታ የሚሠሩት ሌሊት ብቻ ነው፤ ሰው ካያቸው ሥራውን ጥለው ይሄዳሉ። በካዋይ ደሴት ያለውን የአሌኮኮ የዓሣ ኩሬ የሠሩት እነሱ ናቸው ይባላል።

• አየርላንድ፦ ጫማ ሰፊው ሌፕረኮን ወርቁን ይደብቃል፤ የሚይዘውንም ሰው አታሎ ያመልጣል።

• አሜሪካ፦ የቼሮኪ ሕዝብ ድንክዬዎች የጠፉ ሕፃናትን ይረዳሉ፤ ስለ መኖሪያቸው የሚያወራን ግን ይቀጣሉ።

• ደቡብ አፍሪካ፦ ቶኮሎሼ የሚባለውን ድንክዬ የሚፈሩ ሰዎች እንዳይደርስባቸው የአልጋቸውን እግር በጡብ ከፍ ያደርጋሉ።

• ኢንዶኔዥያ፦ በፍሎሬስ ደሴት ኤቡ ጎጎ ስለሚባሉ ድንክዬዎች ይተረካል። በዚያው ደሴት እ.ኤ.አ. በ2003 ቁመቱ 1 ሜትር ገደማ የሆነ የጥንት ሰው ዝርያ አፅም ተገኝቷል። ተረቱና አፅሙ መገናኘታቸው ግን አልተረጋገጠም።