አራዊት በማደሪያቸው፦ ከስድስት ኪሎ እስከ ሐይቅ እስጢፋኖስ

ከሐይቅም ሆነ ከአምባሰል ተነሥቶ ለጉዳይ አዲስ አበባ የዘለቀ፣ ልጆቹንም ያስከተለ ሰው፣ ስድስት ኪሎ ያለውን አንበሳ ግቢ ሳያሳያቸው ቢመለስ ቅር ይለዋል። ይህ ግቢ በ1948 እ.ኤ.አ. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት ሲቋቋም፣ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ተይዘው የመጡ 5 ወንድና 2 ሴት አንበሶች የዘሩ መሠረት ሆኑ፤ የወንዶቹም ጋማ ጠቁሮ ከራሳቸው እስከ ደረታቸውና እስከ ሆዳቸው ይወርዳል። በላይፕሲግ የማክስ ፕላንክ ተቋምና የዮርክ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት በ2012 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ከግቢው አንበሶች የ15ቱን ዘር መርምረው፣ ከሌሎቹ የምሥራቅና የደቡብ አፍሪካ አንበሶች የተለዩ ሆነው እንዳገኟቸው አስታወቁ። እንዲህ ያለ ብርቅ ፍጥረት በብረት ፍርግርግ ተከቦ፣ በሲሚንቶ ወለል ላይ ሲመላለስ ዘመኑን መፍጀቱ ያሳዝነኛል፤ ሕፃኑም ከዚያ ሲመለስ የአንበሳን መልክ እንጂ የአንበሳን ኑሮ አላየም።

የብረቱን ፍርግርግ ለማስቀረት በዓለም የታሰበው ዛሬ አይደለም። ካርል ሃገንቤክ የተባለው የሐምቡርግ የአራዊት ነጋዴ በ1907 እ.ኤ.አ. ስቴሊንገን ላይ በከፈተው ግቢ፣ አውሬው ሊዘልለው የማይችለውን ጥልቅ ቦይ በፍርግርግ ፈንታ አስቆፍሮ፣ ሰው ሠራሽ ቋጥኝም አሠርቶ፣ ተመልካቹ አንበሳውን በሜዳ እንደ ቆመ አድርጎ እንዲያየው አደረገ። ይኸው ሰው የሩቅ አገር ሰዎችን ጭምር ለትርኢት ያቀርብ ስለ ነበር፣ ጥበቡን ሳደንቅ ሥራውን ሁሉ አላመሰግንም። በእኛም አገር በ2019 እ.ኤ.አ. በቤተ መንግሥት ግቢ የተከፈተው አንድነት ፓርክ ለአራዊቱ የተሻለ ስፍራ ሰጥቷል፤ በሆለታ አቅራቢያ ያለው እንስሳ ኮቴ ደግሞ ከሕገ ወጥ ነጋዴ እጅ የተወሰዱትን እንስሳት በዛፍና በቁጥቋጦ መካከል ያኖራል። ሁለቱም መልካም ናቸው፤ ነገር ግን ሰው የቱንም ያህል ቢጠበብ፣ የሚሠራው የማደሪያን አምሳል ነው።

ማደሪያው ራሱ በአገሬ በደቡብ ወሎ፣ በሐይቅ አለ። አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዘመን ያጸኑት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፣ ቀድሞ ደሴት የነበረና ኋላ ከየብስ ጋር የተገናኘ ስፍራ ሲሆን፣ ዛፉን በምሳር መንካት እንደ ድፍረት ስለሚቆጠር፣ የአዕዋፍ ማደሪያ ሆኖ እስከ ዛሬ ቆይቷል። መነኮሳቱ ደኑን የጠበቁት ለጎብኚ ብለው አይደለም፤ ሥርዐተ ገዳሙ ስለሚያዝዛቸው ነው፤ ስለዚህም በጀት ያልመደበለትና መሐንዲስ ያልነደፈው ደን ከብዙ መንግሥታት ዕድሜ ተሻገረ። በዚሁ በደቡብ ወሎ፣ በቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ፣ በደንቆሮ ጫካና በአካባቢው፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ፣ የምኒልክ ድኩላም አጥር ሳይከብባቸው ይኖራሉ።

ገዳሙ ላለበት ባሕር ውሃ ግን እሰጋለሁ። 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው የሐይቅ ባሕር ወንዝ ይገባበታል እንጂ በገጸ ምድር የሚወጣለት ወንዝ የለም፤ ስለዚህ ከታረሰው ተዳፋት ታጥቦ የሚወርደው አፈርና ከየእርሻው የሚመጣው ሁሉ እዚያው ይቀራል። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ቆሮሶ ዓሣ ተለቅቆበት ለብዙ አጥማጅ እንጀራ ሆነ፤ ሆኖም ዓሣው የሚራባበት የዳር ቄጠማ ታጭዶና ታርሶ ካለቀ፣ ዓሣውም ዓሣ በል ወፎቹም አብረው ይጠፋሉ።

እንግዲህ የዞኑ አስተዳደር፣ የግብርና ሹማምንት፣ ገዳሙና የባሕሩ ዳር ገበሬዎች ባንድነት ተቀምጠው፣ ከውሃው ዳር የማይታረስ መሬት ይከልሉ፤ መሬቱ ለሚከለልበት ገበሬም ተገቢው ካሣ ይከፈለው። የሐይቅና የአምባሰል መምህራንም ተማሪዎቻቸውን አዲስ አበባ ከመውሰዳቸው በፊት ወደ ባሕሩ ዳር ይዘዋቸው ይውረዱ።