ታርዛንን «ከኋላህ!» ያሉት የጎንደር ልጆች

ባለፈው ሳምንት ዳባት እኅቴ ቤት ነበርኩ። ትንሹ ልጇ ነጠላዋን አንገቱ ላይ አስሮ መደብ ለመደብ ይዘላል። ስልኩ ላይ በአማርኛ የሚተረክ የማርቭል ፊልም ተከፍቷል። ከተማ ይፈርሳል፤ ልጁ ለሚበረው ሰው ይጮኻል። ሕንፃው ሥር ስለቀሩት ሰዎች ፊልሙም አልጠየቀ፣ ልጁም አልጠየቀ።

ይህ ጩኸት አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1946 ጎንደር የተወለዱት ዳይሬክተር ኃይሌ ገሪማ ስለ ልጅነታቸው ሲናገሩ፣ ከጓደኞቻቸው ጋር ተራራ ላይ የካውቦይ ጨዋታ ሲጫወቱ ቀይ ሕንዶቹ እንዲያሸንፉ የሚፈልግ እንዳልነበረ ያስታውሳሉ። በታርዛን ፊልሞች አፍሪካውያኑ ታርዛን ላይ ከኋላ ሲያደቡበት ደግሞ እሱን ለማስጠንቀቅ በጩኸት ይቀውጡት ነበር። የጎንደር ልጆች፣ ለታርዛን!

ዳይሬክተሩ ማርቲን ስኮርሴዚ እ.ኤ.አ. በ2019 የማርቭል ፊልሞች ሲኒማ አይደሉም ሲል ብዙ ሰው ተቆጣ። እኔም በቃሉ አልስማማም። «ብላክ ፓንተር»ን ሳይ ደረቴ ተነፍቷል፤ አልክድም። የኔ ቅሬታ ለሌላው ቦታ ባለመተዋቸው ነው። በዚያው በ2019 የወጣው የማርቭል «አቬንጀርስ፦ ኤንድጌም» ወደ 2.8 ቢሊዮን ዶላር አስገባ። ኃይሌ ግን «ጤዛ» የተባለውን ፊልማቸውን ሠርተው ለማውጣት 14 ዓመት ፈጅቶባቸዋል። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣውን «ሳንኮፋ»ን የሚያከፋፍል ኩባንያ አሜሪካ ውስጥ ስላጡ፣ አዳራሽ እየተከራዩ ራሳቸው አሳይተውታል። ልብ በሉ፣ ያኔ አቬንጀርስ የሚባል ፊልም አልነበረም። በሩ ድሮም ጠባብ ነበር፤ እነዚህኞቹ መጥተው ጭራሽ ሞሉት።

«ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማትን፣ በ2009 ደግሞ የአፍሪካውን የፊልም ፌስቲቫል የፌስፓኮን ታላቅ ሽልማት አግኝቷል። እኔን የያዘኝ ግን ሽልማቱ አይደለም። በደርግ ዘመን አፈሳ የሚሸሹ ልጆች ዋሻ ውስጥ ይደበቃሉ፤ ካሜራው አብሯቸው ይገባል። እዚያ የሚሸሽ ልጅ ፊት አለው፣ እናት አለችው። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ የሰሜኑ ጦርነት ዳባት ሲደርስ ልጇን አዝላ ወደ ደባርቅ የወጣች እናት ይህን ፊልም ብታይ ማንም ሳያስረዳት ይገባታል። ከተማ ሲፈርስ ስታይ መቼም አትዝናናም።

«ጤዛ» ለእኅቴ ልጅ ገና ነው፤ ይከብደዋል። የዳይሬክተር ያሬድ ዘለቀ «ላምብ» ግን ለእሱ የተሠራ ይመስለኛል። እናቱ የሞተችበት፣ አባቱ ዘመድ ቤት የተወው ልጅ፣ የሚወዳት በጉ እንዳትታረድበት ሲጨነቅ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2015 በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። በግ ጠባቂ በሞላበት በሰሜን ተራሮች ግርጌ ስንት ልጅ አይቶታል?

ደባርቅና ዳባት ያላችሁ መምህራን፣ የትምህርት ቤታችሁን ፕሮጀክተር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ለልጆቹ ክፈቱላቸው። ፊልሙን በሕጋዊ መንገድ ማግኘቱን ለኔ ተዉት፤ ወንበርም እደረድራለሁ። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።