የአጥንት ግምጃ ቤትና አራቱ በጅሮንዶች

ካልሲየም ሲባል ብዙዎቻችን የሚታሰበን ጥርስና አጥንት ብቻ ነው። እኛም በተማሪነታችን ከዚህ አላለፍንም ነበር። ነገር ግን ውድ አንባቢያችን ጣቶቹን አጥፎ የሚዘረጋው፥ ልቡም ሳያዛንፍ የሚመታው፥ በደሙ ውስጥ ያለው ካልሲየም ልኩን ሲጠብቅ ነው።

በአንድ ሙሉ ሰው አካል 1 ኪሎ ግራም ያህል ካልሲየም ይገኛል፤ ከዚህም ከመቶ 99 እጁ በአጥንትና በጥርስ ተከማችቷል። በደም የሚዘዋወረው ግን በ100 ሚሊ ሊትር ከ8.5 እስከ 10.5 ሚሊ ግራም ገደማ ብቻ ነው። ይህን ልክ የሚጠብቁት፥ በአንገት ከታይሮይድ ዕጢ ጀርባ የተለጠፉ፥ ምስር የሚያህሉ፥ ብዙውን ጊዜ አራት የሆኑ ፓራታይሮይድ የሚባሉ ዕጢዎች ናቸው።

የደሙ ካልሲየም ዝቅ ሲል ዕጢዎቹ ሆርሞን ይልካሉ። ሆርሞኑ አጥንት ካከማቸው እንዲያወጣ ያደርጋል፤ ኩላሊትም ካልሲየሙን በሽንት እንዳያባክን ያዛል። ደግሞም ኩላሊት ቪታሚን ዲን ለሥራ እንዲያዘጋጅ ያደርጋል፤ አንጀት ከምግብ ካልሲየም አብዝቶ የሚቀበለው በዚህ ቪታሚን ረዳትነት ነው። ልኩ ሲሞላ ዕጢዎቹ ሥራቸውን ይቀንሳሉ። እንዲህ ያለ በጅሮንድ በየመሥሪያ ቤቱ ቢገኝ እንዴት ደስ ባለን ነበር!

እንቅርት የሚያወጣ ሐኪም ለእነዚህ ዕጢዎች እጅግ የሚጠነቀቀው ያለ ምክንያት አይደለም። አብረው ከወጡ ወይም ከተጎዱ የበሽተኛው ከንፈርና ጣት ይደነዝዛል፤ ጡንቻውም ይኮማተራል።

ከልክ በላይ ሲሠሩስ? አጥንት ይሳሳል፤ በኩላሊትም ጠጠር ይፈጠራል። በቪየና ከተማ አንድ የትራም ሠራተኛ በዚህ በሽታ አጥንቱ ሳስቶ ነበር። በዚያ ዘመን ዕጢው የሚያብጠው የታመመውን አጥንት ሊረዳ ሲጥር ነው ተብሎ ይታመን ስለ ነበር፥ ዶክተር ፌሊክስ ማንድል በመጀመሪያ ከሌላ ሰው የተወሰደ ተጨማሪ ዕጢ ተከለለት። ለውጥ አልታየም። ስለዚህ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1925 ሐሳቡን ገልብጦ የበሽተኛውን አንገት ከፈተ፤ ያበጠውንም ዕጢ አወጣ። በሽንት የሚባክነው ካልሲየም ቀነሰ፤ ሕመሙም ቀለለ። ባለ ግምጃ ቤቱን ያራቈተው ራሱ በጅሮንዱ ኖሯል።

ከዓመታት በኋላ በሽታው በዚያ ሰው ላይ ተመልሷል። ዛሬ ግን ብዙው በሽተኛ የሚታወቀው አጥንቱ ከመሰበሩ በፊት፥ ለሌላ ጉዳይ በተደረገ የደም ምርመራ ነው።