ሬንጁን አስለቅቃለሁ ብዬ ቀለሙን አስለቀቅሁት!

ወንድሙ በሰው አገር ላቡን አፍስሶ የገዛውን መኪና በአመድና በቃጫ የሚፈትግ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እንግዲያው እዩኝ፤ እኔ ነኝ!

ነገሩ የሆነው በያሆዴ ሰሞን ነው። ያሆዴ የሐዲያ ዘመን መለወጫ ነው፤ በመስከረም ከመስቀል ጋር ሲደርስ የተበተነው ልጅ ሁሉ ወደ ቤቱ ይገባል። ታላቅ ወንድሜ ግን ደቡብ አፍሪካ ነው። እዚያ የሱቁ ሻጭም ዘበኛም ራሱ ሆኖ ባጠራቀማት ገንዘብ አንዲት ጥቁር ሰማያዊ ኮሮላ ለቤተሰቡ ገዛ። መኪናዋ ኮንትራት እየሠራች የእናታችንን መድኃኒትና የታናናሾቻችንን ትምህርት ቤት ትከፍላለች። እኔ ሾፌሯም አጣቢዋም ነኝ።

በዓሉ ሁለት ቀን ሲቀረው ከአዲስ አበባ ሰው ጭኜ በቡታጅራ፣ በወራቤ አድርጌ ሆሳዕና፣ ከዚያም ሞርሲቶ ገባሁ። መንገድ ላይ የሚጠገን ቦታ ነበርና ትኩሱ ሬንጅ የበሮቹን ታች ዝንጉርጉር አደረገው። ወንድሜ ደግሞ «በበዓሉ ቀን በቪዲዮ ታሳየኛለህ» ብሎኛል። ታዲያ ምን ላድርግ? ማታውኑ ከእናቴ ማድ ቤት ቃጫና አመድ አውጥቼ ፈተግኩት። ሬንጁ ለቀቀ። እኔም ጀግና ነኝ ብዬ ተኛሁ።

ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ሁለቱ በሮች ድመት የተጣላችባቸው መስለው አገኘኋቸው። ወገኖቼ፣ እግሬ ከዳኝ!

ሆሳዕና በርሬ አንድ የታወቁ ሽማግሌ ቀለም ቀቢ ጋ ደረስኩ። በጣታቸው ዳሰስ አደረጉና፣

«ልጄ፣ መኪና ድስት መሰለህ እንዴ?» አሉኝ።

«አይ ጋሼ፣ በዓል ደርሶብኝ ነው።»

«በዓል ቢደርስብህስ ጢምህን በሞረድ ትላጫለህ?»

መልስ አልነበረኝም። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባል የለ? ቀጥሎ የማጫውታችሁ ከሳቸው የሰማሁትን፣ ኋላም አንብቤና በእጄ ሞክሬ ያረጋገጥኩትን ነው።

ለመሆኑ ምኑን ነው የምንፈትገው? ከአንቲሩጂኒው በላይ ቀለሙ አለ፤ በአብዛኞቹ የዘመኑ መኪኖች ከቀለሙ በላይ ደግሞ እንደ መስተዋት የጠራ ሽፋን አለ። ድምቀቱ ያለው እሱ ላይ ነው። ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ቢሆን ነው፤ የራስ ፀጉር እንኳ ወደ 70 ይጠጋል። እንግዲህ አስቡት፤ ከፀጉር የቀጠነውን ነገር ነው በቃጫ የገጠምኩት! አሮጌ መኪናችሁ ይህ ሽፋን ይኑረው አይኑረው ለማወቅ ከማይታይ ቦታ ላይ ጥቂት ፖሊሽ በነጭ ጨርቅ እሹት። ጨርቁ የመኪናውን ቀለም ከያዘ ሽፋን የለውም ማለት ነውና ይበልጥ ተጠንቀቁ።

አሁን ወደ መሣሪያው ምርጫ እንምጣ። ቁም ነገሩ አንድ ነው፤ መሣሪያ የሚመረጠው እንደ ቆሻሻው ዓይነት ነው።

ጭቃና አቧራ። ይህ በውኃ፣ በመኪና ሻምፖና በለስላሳ ጓንት ይለቃል። ሁለት ባልዲ ያዙ፤ አንዱ የሳሙና፣ አንዱ ጓንቱን ማለቅለቂያ። አቧራን በደረቅ ጨርቅ መጥረግ በአሸዋ እንደ ማሸት ነው። የልብስ ሳሙና ዱቄትም የተቀባውን ሰም ስለሚያነሳ ይቅርባችሁ።

ሬንጅ። በኃይል ሳይሆን በማሟሟት ነው የሚለቀው። የሬንጅ ማስለቀቂያ ካገኛችሁ እሰየው። ከጠፋ ለስላሳ ጨርቅ ላይ ጥቂት ነጭ ጋዝ አድርጋችሁ ለአንድ ደቂቃ ያህል ነጠብጣቡ ላይ አሳርፉት፤ ሲላላ ጠረግ አድርጉና ወዲያው በሳሙና እጠቡት። አስቀድማችሁ በማይታይ ቦታ ሞክሩት፤ እሳትና ሲጋራ አጠገባችሁ አይድረስ። ቤንዚን ግን ወዲያ! እሳት ከመጥራቱም በላይ ጋራዥ ውስጥ የተቀባን ቀለም ሊያላላ ይችላል።

የወፍ ኩስና የዛፍ ሙጫ። እነዚህ ፀሐይ ላይ ሲቆዩ ሽፋኑን ይበላሉ። ደርቆ ከሆነ በጥፍር አትፋቁ፤ በሞቀ ውኃ የራሰ ጨርቅ ጣል አድርጉበትና እስኪለሰልስ ጠብቁ።

የብረት ብናኝ። ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። ከፍሬን ይወጣል፤ በርና መስኮት የሚበይዱ ቤቶች አጠገብ ስታቆሙም ከግራይንደር ይበናል። ቀለሙ ላይ ተሰክቶ ይዝጋል። የብረት ማስለቀቂያ የሚባለው ፈሳሽ ሲነፋበት ብረቱን ያገኘበት ቦታ ሐምራዊ ሆኖ ይወርዳል። ሽታው ይከረፋል፤ ሴቶች እህቶቼ ግን ይለዩታል፤ ንጥረ ነገሩ የፀጉር ፐርም ውስጥ ካለው ጋር ዘመዳሞች ናቸውና። ጓንት አድርጉ፣ ጥላ ሥር ሥሩ፣ ሳይደርቅ እጠቡት።

ይህ ሁሉ ተደርጎስ? እጃችሁን ስስ ላስቲክ ውስጥ አስገቡና የታጠበውን ቦታ ዳሰስ አድርጉት። እንደ ጥሬ ጨው ከሻከረ የተጣበቀ ነገር ቀርቷል ማለት ነው። ያኔ ነው ክሌይ ባር የሚፈለገው። ጃፓናዊው ታዳዎ ኮዳቴ የፈለሰፈው፣ ሊጥ የመሰለ ነገር ነው። ለስላሳ፣ መካከለኛና ሻካራ አለው። ሁልጊዜ ከለስላሳው ጀምሩ፤ እሱ ካቃተው ብቻ ወደ መካከለኛው እለፉ። ሻካራውን ለባለሙያ ተዉት። በሻምፖ ውኃ አርጥባችሁ፣ ሳትጫኑ፣ በቀጥታ መስመር ወዲያ ወዲህ አንሸራትቱት፤ ክብ አትሥሩ። ሲቆሽሽ አጥፋችሁ ንጹሑን ገጽ አውጡ። መሬት ላይ ከወደቀባችሁ ጣሉት! የያዘው አሸዋ ቃጫዬን ያስንቃል። በጓንት መልክ የተሠራም አለ፤ ታጥቦ ስለሚሠራና ስለሚያፈጥን እንደኔ ኮንትራት ለሚሠራ ይመቻል። በዓመት አንዴ ወይ ሁለቴ ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ ግን ሰም መቀባት ግድ ነው። አንድ ነገር አትርሱ፤ ክሌይ ቆሻሻ ያነሳል እንጂ ጭረት አይጠግንም።

የኔን ጭረት ሽማግሌው በፖሊሽ ሞከሩት። አንደኛው በር ዳነ። ሁለተኛው ጥልቅ ነበርና «ከዚህ በላይ ከፈተግኩት ሽፋኑ ያልቃል፤ እንዲህ ይቆይልህ ወይ አስቀባው» አሉኝ። የማስቀቢያውን ዋጋ ስሰማ የእናቴ መድኃኒት ትዝ አለኝና ዝም አልኩ።

በበዓሉ ቀን ወንድሜ ደወለ። በዳነው በር በኩል ብቻ ቆሜ ላሳየው አስቤ ነበር፤ አልሆነልኝም።

«ወንድም ጋሼ፣ አንዱን በር አበላሸሁት» አልኩት።

ለጊዜው ዝም አለ። «ሰው ገጨህ?»

«ኧረ የለም!»

«እማዬ ደህና ናት?»

«ደህና ናት።»

«እንግዲያው ቀለም ነው። ይልቅ ስልኩን ለሷ ስጣት፤ ፊቷን ልየው።»

በሩ ዛሬም እንደተቧጨረ ነው። መኪናዋን ባጠብኩ ቁጥር እጄ እዚያ ሲደርስ ቀስ ይላል። እናንተ ግን ቀስ ማለትን በኔ በር ተማሩ፤ በራሳችሁ አትማሩት!