ምዕራፍ 7፦ መብራቱ አልቆሸሸም

«አቧራ ገብቶበት ነው» ሲባል በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ላቫጆ ላይ የሚያጥበው ልጅ ቢለው አልፈርድበትም። መካኒኩና መለዋወጫ ሻጩ ሲደግሙት ግን ዝም ብሎ ማለፍ ይከብደኛል። የአሮጌ ቪትዝ፣ ያሪስ ወይም ኮሮላ የፊት መብራት መጀመሪያ ቢጫ፣ ቀጥሎ ነጣ ያለ ብዥታ የሚይዘው ቆሻሻ ስለሆነ አይደለም። ቆሻሻ ቢሆን ኖሮ ውኃና ሳሙና ይበቃው ነበር። የሆነው ሌላ ነው፤ የፕላስቲኩ መከላከያ ሽፋን በፀሐይ ተበልቶ አልቋል።

ፕላስቲኩ ፖሊካርቦኔት ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1953 በጀርመኑ ባየር ኸርማን ሽኔል፣ በአሜሪካው ጄኔራል ኤሌክትሪክ ደግሞ ዳንኤል ፎክስ አንዱ ስለሌላው ሳያውቅ ደረሱበት። ጠጠር ቢመታው አይሰበርም፣ ቀላል ነው፣ በተፈለገው ቅርጽ ይወጣል። ሁለት ጠላት ግን አለው፤ ቶሎ ይጫራል፣ ከፀሐይ የሚመጣው አልትራቫዮሌት ጨረርም ያደክመዋል። ስለዚህ ፋብሪካው ከወረቀት በብዙ የሳሳ ጠንካራ ሽፋን ይቀባዋል።

ይህን ሽፋን ለማስረዳት ከምጣድ የተሻለ ነገር አላገኘሁም። አዲስ ምጣድ ከገበያ እንደመጣ እንጀራ አይጋገርበትም፤ በጎመን ዘር ይታሻል፣ ይሟሻል። ያ ስስ ቅባት የሸክላውን ቀዳዳ ሞልቶ ፊቱን ያለሰልሰዋል። ፋብሪካውም ፖሊካርቦኔቱን ያሟሸዋል። ማሟሻው የለቀቀ ምጣድ እንጀራ ይይዛል፤ ማሟሻው የለቀቀ መብራትም ብርሃን ይይዛል። እንግዲህ ብርሃኑ እንጀራው፣ አምፖሉ እሳቱ፣ አንጸባራቂው ምድጃው ነው ማለት ነው። ከኋላ የሚገጠመው የጎማ ክዳን ደግሞ አከንባሎው። እርግጥ አከንባሎ እንፋሎቱን ውስጥ ያስቀራል፣ የጎማው ክዳን ግን እርጥበት ከውጭ እንዳይገባ ነው የሚከለክለው፤ ይሁን፣ ነገሩ ገብቶዎታል። ዋናው ጥያቄ ይህ ነው፤ ምጣዱን በአሸዋ ፈትገው ሲያበቁ፣ ሳያሟሹ ይጋግሩበታል?

በየመንገዱ የሚደረገው ግን እሱው ነው። አንድ ደንበኛዬ ለቦሎ ምርመራ ሲል የቪትዙን መብራት በጥርስ ሳሙና አስፈትጎ መጣ። «ጋሼ፣ እዩት እስቲ፣ አዲስ ሆነልኝ» አለኝ። በርግጥም ያበራ ነበር። የጥርስ ሳሙና ውስጥ ደቃቅ ፈታጊ ዱቄት ስላለ የሞተውን ሽፋን ያነሳል፤ የሚተካው ግን ምንም ነገር የለም። ክረምቱ አልፎ የጥቅምት ፀሐይ ሲወጣ መብራቱ ከቀድሞው ብሶ ተመለሰ። እንዲያውም መጀመሪያ የነበረው ግማሽ ሽፋን ትንሽም ቢሆን ይከላከልለት ነበር፤ አሁን እሱም ሄዷል። በቤንዚንና በቲነር የሚያጸዱት ደግሞ አሉ። እነዚህን ምን ልበላቸው! ቤንዚን፣ ቲነርና አሴቶን ፖሊካርቦኔትን ይሰነጥቁታል። በዐይን የማይታይ የነበረው ስንጥቅ በኋላ እንደ ድር ይዘረጋል፤ ያ መብራት ከዚያ ወዲያ በምንም አይድንም።

ይህ ሁሉ የፕላስቲክ ጣጣ ነው። የቀድሞዎቹ ሰማያዊና ነጭ ላዳ ታክሲዎች የፊት መብራታቸው እውነተኛ መስታወት ስለነበር ቢሰበር እንጂ ቢጫ አይሆንም ነበር። አሜሪካ ውስጥም ሕጉ እስከ እ.ኤ.አ. 1983 ድረስ ተሽከርካሪዎች መደበኛ መጠን ያለውን የታሸገ መብራት እንዲጠቀሙ ያስገድድ ነበር፤ ደንቡ ከላላ በኋላ ቅድሚያውን የወሰደው የ1984ቱ ሊንከን ማርክ 7 ነው። ከዚያ ወዲህ ሁሉም ወደ ፕላስቲክ ገባ።

«እኛ አገር ብርድ ነው፣ ፀሐዩ አይከብድም» የሚለኝ ሰውም አይጠፋም። አልትራቫዮሌት ከሙቀት ጋር ዝምድና የለውም። ከፍታ በ1000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ጨረሩ በ10 በመቶ ገደማ ይበረታል። አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ነች፣ ያውም ለምድር ወገብ ቅርብ። ደጅ የሚያድር፣ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ የሚቆም መኪና ጠዋት ጠዋት በብርድ ውስጥ ይቃጠላል።

ሥራውን ከመጀመርዎ በፊት ብዥታው ከውጭ መሆኑን ያረጋግጡ። ጣትዎን አርጥበው መብራቱ ላይ ያሹት። የረጠበው ቦታ ለጊዜው ከጠራ ጉዳቱ ውጭ ነው፤ ውኃው ጭረቱን ሞልቶ ብርሃኑ እንዳይበተን አድርጎታል። ካልጠራ ግን ወይ ውስጡ እርጥበት ገብቷል፣ ወይ አንጸባራቂው ተቃጥሏል። ለዚህ ተጠያቂው ብዙ ጊዜ በ60/55 ዋት ቦታ የሚሰካው 100 ዋት አምፖል ነው። የተቃጠለ አንጸባራቂን ከውጭ መፈተግ ድካም ብቻ ነው፤ በቀጥታ ወደ መቀየሩ ይሂዱ።

ከውጭ ከሆነ ኮፈኑን፣ ፓራፋንጎውንና ፓራውልቱን በወረቀት ፕላስተር ይሸፍኑ። ብርጭቆ ወረቀት ከ800 ቁጥር ይጀምራል፤ ሽፋኑ እየተላጠ ከሆነ ከ600። ሁልጊዜ በውኃ። የመጀመሪያው ውኃ ቢጫ ሆኖ ይወርዳል፤ ያ የሞተው ሽፋን ነው። ቢጫው ጠፍቶ እንደ ወተት ነጭ ውኃ ብቻ እስኪወርድ አይቁሙ። ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው፤ መብራቱ ሙሉ በሙሉ ነጥቶ ምንም የማያሳይ ሲሆን «አበላሸሁት» ብሎ ይደነግጣል። አላበላሹትም። ወደ 1000፣ 2000፣ 3000 ይለፉ፤ አንዱን ቁጥር አግድም ከሄዱበት ቀጣዩን ቁልቁል ይሂዱ፣ የቀደመው ጭረት መጥፋቱን የሚያዩት እንደዚያ ነው። 3000 ላይ ሲደርሱ ብዥታው እየሳሳ አምፖሉ መታየት ይጀምራል። ከዚያ በአልኮል ጠርገው ያድርቁ።

አሁን ማሟሸት። ሰም ቢቀቡበት የሚቆየው ሳምንታት ብቻ ነው። ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበትን አልትራቫዮሌት የሚከላከል ክሊር ከሃርድነሩ ጋር ቀላቅለው ስስ ስስ አድርገው ሁለት ጊዜ ይንፉበት፤ የ3000ውን ቀሪ ጭረት እሱ ይሞላዋል። ሃርድነሩ ሳንባ የሚጎዳ ኬሚካል አለበትና ተራ የጨርቅ ጭምብል አይበቃም፤ ትክክለኛውን ማጣሪያ አድርገው ነፋስ በሚገባበት ቦታ ይሥሩ፣ አለበለዚያ ለቀለም ቀቢ ይስጡት።

የአሜሪካ የአሽከርካሪዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሙከራ፣ 11 ዓመት ገደማ ያገለገሉ የደበዘዙ መብራቶች ከአዲስ መብራት ብርሃን ሩቡን እንኳ አልሰጡም። ማደስ ወደ 70 በመቶ ገደማ መልሷቸዋል። ጣርማ በር ላይ ጭጋግ ውስጥ ገብቶ የሚያውቅ ሰው ልዩነቱን ለማመን ቁጥር አያስፈልገውም። በጥር 2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት እንደሚከለከል ከተነገረ ወዲህ ደግሞ ያለን አሮጌ መኪና ገና ብዙ ይቆያል።

ለመቀየር ሶማሌ ተራ ከሄዱ ያገለገለ መብራት አይግዙ፤ የእርስዎን ያቃጠለው ፀሐይ እሱንም አቃጥሎታል። እዚህ ላይ ከባልደረቦቼ ጋር ሁሌ የምንጣላበት ጉዳይ ይመጣል። ብዙዎቹ ቪትዞች የተሠሩት ለጃፓን ነው፤ ጃፓን በግራ ትነዳለች። እኛ ጋ የገቡት መሪያቸው ወደ ግራ ተዛውሮ ነው። መሪው ዞረ፤ መብራቱ ግን ስንቱ ላይ ዞረ? አጭር መብራት ሁለቱን ጎን እኩል አያበራም፤ የእግረኛ መንገዱን ለማሳየት በአንዱ ጎን ከፍ ይላል። የጃፓኑ በግራ ነው ከፍ የሚለው፤ እኛ ጋ ያ ጎን የመጪው ሹፌር ዐይን ነው። ባልደረቦቼ «ጥቂት ዝቅ ማድረግ ይበቃል» ይላሉ። አይበቃም፤ ዝቅ ሲያደርጉት መጪው ያርፋል፣ እርስዎ ግን በቀኝ በኩል የሚሄደውን እግረኛ ያጣሉ። አንዳንድ መብራት ላይ ክብ ውስጥ ያለ የኢ ምልክት ይገኛል። ከሥሩ ወደ ቀኝ የሚያመለክት ቀስት ካለ በግራ ለሚነዳ አገር የተሠራ ነው፤ ቀስት ከሌለው ለእኛ ነው፤ ባለ ሁለት ጫፍ ቀስት ለሁለቱም ይሆናል። ሻጩ «ሁሉም አንድ ነው» ቢልዎት አይከራከሩት፣ ሌላ ሱቅ ይሂዱ።

ስለዚህ ብርጭቆ ወረቀቱን ከመግዛትዎ በፊት አንድ ምሽት መኪናውን ሜዳ ላይ ከግድግዳ 10 ሜትር አርቀው አጭሩን መብራት ያብሩ። የብርሃኑ የላይኛው ጠርዝ ከመብራቱ መሐል ከፍታ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ መውደቅ አለበት፤ ከፍ የሚለውም በቀኝ በኩል መሆን አለበት። በግራ ከፍ ካለ ክሊሩንም ብርጭቆ ወረቀቱንም ይተዉትና ለመቀየሪያው ገንዘብ ያጠራቅሙ።