በሐምሌ 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ለማስለቀቅ የዘመቱ አርበኞች የሚታሰቡት ለምንድን ነው?

የአርበኞች ቀን በየዓመቱ ሚያዝያ 27 ቀን ይከበራል። የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ሲሆን፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ወደ መዲናቸው የተመለሱትም ልክ በአምስተኛው ዓመት በዚያው ዕለት ነው። ይሁን እንጂ በዕለቱ የሚታሰቡት ድሉን ለማየት የበቁት ብቻ አይደሉም፤ ዘመቻቸው ሳይሳካ የወደቁትም ጭምር ናቸው።

ዘመቻው እንዴት ተካሄደ?

ከተማዋ በተያዘች ሦስት ወር ሳይሞላ፣ ሐምሌ 21 ቀን 1928 ዓ.ም. አርበኞች ከተለያየ አቅጣጫ ለማጥቃት ተነሡ። በሰሜን በኩል የራስ ካሣ ልጆች ደጃዝማች አበራ ካሣና ደጃዝማች አስፋ ወሰን ካሣ ከሰላሌ መጡ፤ ከፍቼ ወደ አዲስ አበባ የሚያወርደው መንገድ በሱሉልታ የሚያልፈው ነው። በምሥራቅ ደጃዝማች ፍቅረ ማርያም፣ ዛሬ ሰበታ በምትገኝበት በደቡብ ምዕራብ አቅጣጫ ደግሞ አረጋዊው የዓድዋ ጀግና ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ ነበሩ።

አርበኞቹ የሬድዮ መገናኛ አልነበራቸውም። ክረምቱ ወንዞችን ስለሞላ ሁሉም ኃይሎች በአንድ ሰዓት ሊደርሱ አልቻሉም። ከሰሜን የመጡት ወደ ከተማዋ ዘልቀው ቢዋጉም፣ መትረየስና አውሮፕላን የታጠቀው ጠላት ጥቃቱን መለሰው። ከዘማቾቹ ጋር የነበሩት አቡነ ጴጥሮስ በማግሥቱ ሐምሌ 22 ቀን በአደባባይ ተረሸኑ። ሁለቱ የካሣ ልጆችም ሕይወታቸው እንደሚጠበቅ ቃል ተገብቶላቸው እጃቸውን ከሰጡ በኋላ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ፍቼ ላይ ተገደሉ።

በምዕራብ በኩል፣ ከቡራዩ አልፎ በሚገኘው የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት የሠለጠኑ ወጣት መኮንኖች ወደ ወለጋ ዘልቀው በጥቁር አንበሳ ስም ትግሉን ቀጥለዋል።

ያልተሳካ ዘመቻ ስለምን ይከበራል?

ጀግንነት የሚመዘነው በውጤት ብቻ አይደለም። በሌሎች አገሮችም ልማዱ ይኸው ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ ነሐሴ 13 ቀን 1934 ዓ.ም. ወደ 5,000 የሚጠጉ የካናዳ ወታደሮች የተሳተፉበት ጦር በፈረንሣይ የዲየፕ ባሕር ዳርቻ ላይ ለመውረድ ሞክሮ በከባድ ጉዳት ተመለሰ፤ ከ900 በላይ ካናዳውያን ሞቱ። ካናዳ ግን እነዚህን ወታደሮች ዛሬም ታስባቸዋለች። ክፍት ሜዳ ላይ ሆኖ ምሽግ የያዘን ጠላት መግጠም የሚጠይቀው ድፍረት በባሕር ዳርቻም ሆነ በእንጦጦ ቁልቁለት አንድ ነው። በአዲስ አበባ ግን ዘማቾቹ ከኋላቸው መርከብም ሆነ ደጀን ጦር አልነበራቸውም።

ከዜጎች ምን ይጠበቃል?

የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት በአዲስ አበባ ይገኛል፤ በ2005 ዓ.ም. ለባቡር መሥመር ግንባታ ከተነሣ በኋላ በ2008 ዓ.ም. ወደ ቦታው ተመልሷል። የብዙዎቹ ተራ ዘማቾች ስም ግን ያለው በቤተሰብ ትውስታ ውስጥ ብቻ ነው። ስለዚህ፦

• የአርበኛ ቤተሰቦች የዘማቹን ሙሉ ስም፣ የትውልድ ቦታና የተዋጋበትን ግንባር ከአረጋውያን ጠይቀው በጽሑፍ ቢያስቀምጡ፣ ፎቶግራፍ፣ ደብዳቤና ኒሻን ካላቸውም በጥንቃቄ ቢይዙ ታሪኩ ከመጥፋት ይድናል።

• በሱሉልታ፣ በቡራዩና በሰበታ ግንባታ እየተስፋፋ ነው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት፣ በቁፋሮ ወቅት ቅርስ ያገኘ ሰው ለሚመለከተው የቅርስ ባለሥልጣን የማሳወቅና ቅርሱን የመጠበቅ ግዴታ አለበት።

• አሮጌ ጥይት፣ ቦምብ ወይም ሌላ ፈንጂ የሚመስል ነገር ሲገኝ ከመንካት መቆጠብ፣ ሌሎች እንዳይቀርቡ መከላከልና ወዲያውኑ በአቅራቢያ ለሚገኝ ፖሊስ ማሳወቅ ያስፈልጋል።