ከዲፕሎማትነት እስከ ጠቅላይ ሚኒስትርነት

ሰሞኑን በታሪክ ክፍለ ጊዜ «ዲፕሎማት የነበረ ሰው አገር መምራት ይችላል ወይ?» የሚል ጥያቄ ተነሥቶ፣ ደወል ስለ ተደወለ ሳይቋጭ ቀረ። እስቲ በአንድ ሰው ሕይወት እንመልከተው።

ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ በ1904 ዓ.ም. ከቤተ ክህነት ሰው ተወለዱ። በእስክንድርያና በፓሪስ ተማሩ። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. አገራችንን ሲይዝ ፓሪስ በኢትዮጵያ ሌጋሲዮን ሆነው የአገራቸው ስም እንዳይጠፋ ተከራከሩ። በሰኔ 1937 ዓ.ም. በሳን ፍራንሲስኮ የተባበሩት መንግሥታትን ቻርተር ስለ ኢትዮጵያ ከፈረሙት አንዱ ናቸው። ከጣሊያን ጋር በተደረገው የሰላም ድርድር ላይም ተሟግተዋል፤ በ1939 ዓ.ም. የተፈረመው ውል ጣሊያን ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር ካሣ እንድትከፍል አስገድዷል። ኅዳር 23 ቀን 1943 ዓ.ም. የኤርትራ ፌዴሬሽን በ46 ድምፅ ለ10 ሲጸድቅም የአገራችንን ጉዳይ የያዙት እሳቸው ነበሩ።

በ1953 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። በ1948ቱ ሕገ መንግሥት መሠረት ሚኒስትሮች ተጠያቂነታቸው ለንጉሠ ነገሥቱ እንጂ ለሕዝብ አልነበረም፤ የፖለቲካ ፓርቲም አልነበረም። ዲፕሎማት ከላይ ትእዛዝ ይቀበላል፣ ወደ ውጭ ይናገራል። መሪ ግን ከታች የሚመጣውን መስማት አለበት። የኤርትራ ፌዴሬሽን በኅዳር 1955 ዓ.ም. ሲፈርስ ጠቅላይ ሚኒስትሩ እሳቸው ነበሩ፤ ጦርነቱ እስከ 1983 ዓ.ም. ዘለቀ።

በ1965 ዓ.ም. ወሎ ተራበች። ከእኛ ከላስታ ደጋ በስተምሥራቅ፣ በራያና በየጁ ቆላ ሰው እንደ ቅጠል ረገፈ፤ የተረፈው መንገድ ዳር ፈሰሰ። ወሬው ከወረዳ ወደ አውራጃ፣ ከጠቅላይ ግዛት ወደ ሚኒስቴር ሲወጣ በየደረጃው እየለሰለሰ ሄደ። ማን ለአለቃው ክፉ ወሬ ይነግራል? በጥቅምት 1966 ዓ.ም. አንድ የእንግሊዝ ጋዜጠኛ በፊልም ሲያሳየው ዓለም ጉድ አለ። በዓለም ጉባኤ የኢትዮጵያን ድምፅ ያሰማ መንግሥት የወሎን ድምፅ ሳይሰማ ቀረ።

በየካቲት 1966 ዓ.ም. ወታደሩ፣ ታክሲ ነጂው፣ መምህሩም ተነሣ። የመምህራኑ አድማ «ሴክተር ሪቪው» የተባለውን የትምህርት ዕቅድ በመቃወም ጭምር ነበር። ካቢኔው ወደቀ። በዚያው ዓመት የተተኩት ልጅ እንዳልካቸው መኰንንና ልጅ ሚካኤል እምሩም የቀድሞ አምባሳደሮች ነበሩ፤ አንዳቸውም አልቆዩም። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. አክሊሉና እንዳልካቸው ከብዙ ባለሥልጣኖች ጋር ያለ ፍርድ ተገደሉ። ይህም ሌላ በደል ነው፤ ጥፋት ካለ ፍርድ ቤት ቀርቦ ሊጣራ ይገባ ነበር።

«የውጭ አልጋ፣ የቤት ቀጋ» ይሉ ይሆናል አንዳንዶች። ነገሩን በአንድ ሰው ላይ መደፍደፍ ግን ልክ አይደለም፤ ሥርዓቱ ራሱ ወደ ታች የሚያዳምጥ ጆሮ አልነበረውም። ስለዚህ የጥያቄው መልስ «ይችላል፤ ሕዝቡ የሚጠይቀው ከሆነ» ነው።

ነገ በላስታ ተራራ ላይ አንድ ትምህርት ቤት ሲሰጠን፣ ተማሪ ተርቦ ሲመጣ በሪፖርት ላይ «ሁሉም ደኅና ነው» ብለን እንጻፍ ይሆን? ከወዲሁ እናስብበት።